ከተሠራበት ኮምፒዩተር ሲወጣ የሚዘጋ ፕሮግራም፦ ምክንያቱና የምርመራው ሥርዓት

ለዚህ ዲስኩር የቀረበው ጥሪ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ይዟል፤ ይኸውም በተሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የቆየ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ተወስዶ ሲጫን ለምን ክራሽ ያደርጋል፣ ምክንያቱስ በምን ሥርዓት ይመረመራል የሚል ነው። የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲባል በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ሳይሆን በኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ በራሱ መስኮት የሚሠራ ሶፍትዌር ማለት ሲሆን፣ ክራሽ ማድረግ ደግሞ ፕሮግራሙ ተጠቃሚው ሳያዝዘው በድንገት መዘጋቱ ወይም ጭራሹኑ አለመከፈቱ ነው። ዲስኩሩ በቅድሚያ ጉዳዩ ለፀዳ አካባቢ ያለውን ክብደት ያሳያል፤ ቀጥሎ የምርመራውን መነሻ፣ ከዚያም ዋና ዋናዎቹን ምክንያቶች፣ በተለይም ከአማርኛ ፊደልና ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ጋር የተያያዙትን ይመለከታል፤ በስተመጨረሻም ፕሮግራሙ ከሠሪው እጅ ከመውጣቱ በፊት ሊያልፍበት ስለሚገባው ፈተና ያነሣል።

ጉዳዩ ለፀዳና ለአካባቢዋ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፀዳ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ከአዘዞ ቀጥላ የምትገኝ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ስትሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው ልዩ ልዩ ካምፓሶች የሚመረቁ ወጣቶች ወደ ዳባትና ደባርቅ ደጋ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ፣ ወደ መተማ ቆላ ሄደው ይሠራሉ፤ የሚሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶችም በዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ላይ የተደገፉ ናቸው። የሒሳብ ክፍሎች ፒችትሪን ለዓመታት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ የመንግሥት በጀትና ወጪ አይቤክስ በተባለው ሥርዓት ሲመዘገብ ቆይቷል፤ የመድኃኒት መጋዘኖች ኤችሲኤምአይኤስን፣ በኋላም ዳጉን ተጠቅመዋል፤ ስማርትኬር የተባለው የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌርም መነሻው ዛምቢያ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ጤና ተቋማት የገባ ነው። በእነዚህ ላይ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሯቸው፣ አንዳንዶቹም በእርግጥ ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ ጤና ጣቢያ ታስበው የሚሠሩ የካርድ ክፍል፣ የቤተ መጻሕፍትና የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራሞች ይጨመራሉ። በኢንተርኔት ላይ የሚሠሩ ሥርዓቶች እየበዙ ቢመጡም፣ መስመሩ በሚቆራረጥበት ቦታ ሥራ የማያቋርጠው በጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒዩተር የተጫነው ፕሮግራም ስለሆነ፣ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ዘመኑ አልፏል የሚለው አባባል ለዚህ አገር አይሠራም።

እንግዲህ የዲስኩሩ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክራሽ የሚያደርግ ፕሮግራም፣ በአብዛኛው፣ በተሠራበት ኮምፒዩተር ላይም ለብቻው ቆሞ ሠርቶ አያውቅም። ሲሠራ የነበረው ፕሮግራመሩ ባለፉት ዓመታት በላፕቶፑ ላይ የጫናቸው ነገሮች፣ ማለትም የፕሮግራም መሥሪያው፣ ኦፊስ፣ የዳታቤዝ ሰርቨሩ፣ ፎንቶቹና ያስተካከላቸው መቼቶች፣ ሳያስታውቁ ስለሚያግዙት ነው። በደባርቅ ደጋ የለመደ ገብስ መተማ ላይ ተዘርቶ ባይበቅል ጥፋቱ የመተማ አፈር እንዳይደለ ሁሉ፣ እዚህም ጥፋቱን ወደ ተቀባዩ ኮምፒዩተር መወርወር ምርመራውን ከጅምሩ ያሳስተዋል። ይህ ሐቅ በትልቁም ዓለም በከባድ ዋጋ ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰኔ 4 ቀን 1996 የተተኮሰችው የአውሮፓ ሮኬት አሪያን 5 ከተነሣች 40 ሰከንድ ሳይሞላት የጠፋችው፣ በቀደመችው በአሪያን 4 ላይ በደህና ሲሠራ የኖረ የሶፍትዌር ክፍል እንዳለ ስለተወሰደና የአዲሷ ሮኬት ፍጥነት የሚፈጥረው ቁጥር በተመደበለት የ16 ቢት ቦታ ሊያዝ ስላልቻለ ነበር። ፕሮግራሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሠራበት ስፍራ ነው፤ ነገር ግን ኃላፊነቱ ስፍራው ምን እንደሚመስል ሳያረጋግጡ ፕሮግራሙን ባሻገሩት ላይ ነው።

የመጀመሪያው የምርመራ ነጥብ ሊደረግ የሚገባውን ሳይሆን ሊደረግ የማይገባውን ይመለከታል። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ፕሮግራም አልከፈት ሲል ወዲያው የሚሰጠው ትእዛዝ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ አልፎ አልፎ ችግሩን ያስወግድ ይሆናል፤ ሆኖም የችግሩን ማስረጃ አብሮ ያጠፋል፣ ያልተቀመጠ መረጃም ካለ ይዞት ይሄዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያው ችግር በሚቀጥለው ኮምፒዩተር ላይ ሲደገም ባለሙያው ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ፕሮግራሙን ደጋግሞ አጥፍቶ መጫንም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ምርመራ የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ ራሱ የጻፈውን በማንበብ ነው።

ዊንዶውስ ድንገተኛ መዘጋቶችን የሚጽፍበት መዝገብ አለው፤ ይህ መዝገብ የሚነበበው ኢቨንት ቪወር በተባለው መሣሪያ ነው። የስታርት ምልክት ላይ በማውሱ ቀኝ ጠቅ ተደርጎ ኢቨንት ቪወር ሲመረጥ፣ ከዚያ «ዊንዶውስ ሎግስ» በሚለው ሥር «አፕሊኬሽን» የሚለው ሲከፈት፣ በቀይ ምልክት የተመለከቱት መስመሮች የስሕተት መዝገቦች ናቸው። ፕሮግራሙ የተዘጋበት ሰዓት በእጅ ከተያዘ የሚፈለገውን መስመር ማግኘት ቀላል ነው። በቁጥር 1000 የተመዘገበው መስመር የትኛው ፕሮግራም እንደወደቀና በየትኛው ፋይል ውስጥ ሳለ እንደወደቀ ይናገራል፤ ይህ ፋይል «ፎልቲንግ ሞጁል» ተብሎ ይጠራል። ፕሮግራሙ በዶት ኔት የተሠራ ከሆነ ብዙ ጊዜ በአጠገቡ ቁጥር 1026 የያዘ ሌላ መስመር ይገኛል፤ እርሱም የስሕተቱን ዓይነት በስሙ ጠርቶ፣ ስሕተቱ ከተፈጠረበት የኮድ ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ በየደረጃው ይዘረዝራል። ቁጥር 33 እና ምንጩ «ሳይድ ባይ ሳይድ» የሆነው መስመር ደግሞ አንድ የሚያስፈልግ የጋራ ፋይል፣ ወይም የዚያ ፋይል ትክክለኛ ዕትም፣ በኮምፒዩተሩ ላይ እንደሌለ የሚያመለክት ነው። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ መጻፉ ብዙዎችን ከማንበብ ያስፈራቸዋል፤ ይሁንና ባለሙያው መላውን ጽሑፍ መረዳት አይጠበቅበትም፤ የፋይሉን ስምና የስሕተቱን ስም ለይቶ በወረቀት ላይ መገልበጡ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሣቱ ብቻ የምርመራውን መንገድ በእጅጉ ያሳጥረዋል።

እዚህ ላይ ፕሮግራም ለሚጽፉት የሚነገር አንድ ጠንከር ያለ ቃል አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ስሕተቱን ይዘው ዝም እንዲሉ ይጻፋሉ፤ ስሕተት የሚይዘው የኮድ ክፍል ባዶ ይተዋል፣ ወይም «ችግር ተፈጥሯል» ከሚል መልእክት በቀር ምንም አይናገርም። ይህ ለተጠቃሚው የታሰበ ደግነት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን በሌላ ከተማ ያለ ባለሙያ ምርመራ የሚጀምርበትን ብቸኛ ፍንጭ መቅበር ነው። ፕሮግራሙ የስሕተቱን ሙሉ መልእክት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የዕትሙን ቁጥር በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ እንዲመዘግብ ማድረግ ጥቂት መስመር ኮድ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ተጠቃሚውም ያንን ፋይል በቴሌግራም መላክ ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ ምክንያቶቹ ናቸው። ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚደጋገመው የማስኬጃ ሥርዓት አለመኖር ነው። በሲ ሻርፕ ወይም በቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት የተጻፈ ፕሮግራም በአብዛኛው ዶት ኔት ፍሬምወርክ የሚባለው የማስኬጃ ክፍል በሚጫንበት ኮምፒዩተር ላይ እንዲኖር ይፈልጋል፤ በየትኛው ዕትም እንደተሠራም ይለያያል። ዊንዶውስ 7 ከ3.5 ዕትም ጋር የመጣ ሲሆን፣ የ4.8 ዕትም የሚጫንበት ሰርቪስ ፓክ 1 ካለው ብቻ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከ4.0 በላይ አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 በተቃራኒው አዲሱን ይዞ ይመጣል፤ የ3.5 ዕትም ግን ተዘግቶ የሚመጣ ስለሆነ፣ የቆየ ፕሮግራም ሲከፈት ኮምፒዩተሩ ፋይሉን ከኢንተርኔት ላውርድ ብሎ ይጠይቃል። ለአብነት በአምባ ጊዮርጊስ ወይም በዳባት መስመር በሌለበት ቀን ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሥራው እዚያው ይቆማል። መፍትሔው ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ዊንዶውሱ የተጫነበት ዲቪዲ ወይም ፍላሽ «ሶርስስ» በሚለው ፎልደሩ ውስጥ «ኤስኤክስኤስ» የሚባል ፎልደር ይዟል፤ የዶት ኔት 3.5 ፋይል የሚገኘው በዚያ ሲሆን፣ «ዲዝም» በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ አማካይነት ከዚያ እንዲጫን ማድረግ ይቻላል። የፍላሹ ዕትም ከተጫነው ዊንዶውስ ዕትም ጋር አንድ መሆን እንዳለበት ግን መዘንጋት የለበትም።

በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፉ ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም በውስጣቸው በዚያ ቋንቋ የተሠራ ክፍል ያላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባል ጥቅል ይፈልጋሉ። ጥቅሉ ዲኤልኤል የሚባሉ፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸውን የኮድ ፋይሎች የያዘ ነው። ፕሮግራመሩ የፕሮግራም መሥሪያውን፣ ቪዥዋል ስቱዲዮን፣ ሲጭን ጥቅሉ አብሮ ስለሚገባ እጥረቱን አያየውም። በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው ፕሮግራሙ ለሙከራ በሚዘጋጅበት በ«ዲበግ» መልኩ ተቀድቶ ሲሰጥ ነው፤ የዲበግ ፋይሎች ለሌላ ሰው እንዲከፋፈሉ የማይፈቀዱና በሪዲስትሪቢዩተብሉ ውስጥም የማይገኙ ስለሆኑ፣ ተቀባዩ የፈለገውን ቢጭን ፕሮግራሙ አይከፈትም። ለሌላ ሰው የሚሰጠው ምንጊዜም በ«ሪሊስ» መልኩ የተዘጋጀው ነው።

የ32 ቢትና የ64 ቢት መደባለቅ ሌላው ምክንያት ነው። ቢት የሚለው ቃል እዚህ ላይ ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን የአድራሻ ስፋት የሚያመለክት ሲሆን፣ ደንቡ አጭር ነው፦ የ64 ቢት ፕሮግራም የ32 ቢት ዲኤልኤል በውስጡ ሊጭን አይችልም፤ የ32ቱም የ64ቱን አይጭንም። ችግሩ በማይክሮሶፍት አክሰስ ዳታቤዝ በሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ጎልቶ ይታያል። አክሰስን ለመክፈት የሚያገለግለው የቆየው አገናኝ፣ ጄት የሚባለው፣ በ32 ቢት ብቻ አለ፤ አዲሱ፣ ኤሲኢ የሚባለው፣ በሁለቱም አለ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ከተጫነው ኦፊስ ጋር የመጣው ነው። ፕሮግራመሩ የ32 ቢት ኦፊስ 2010 ባለው ላፕቶፕ ሠርቶ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ኦፊስ 2019 ቢኖረው፣ ይህ ደግሞ ካልተቀየረ በቀር በ64 ቢት የሚጫን ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ሊከፍት ሲል «አገናኙ በዚህ ኮምፒዩተር ላይ አልተመዘገበም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ሰጥቶ ይዘጋል። አገናኙ በእርግጥ አለ፤ ቢቱ ነው የተለየው። በሪፖርት ማተሚያነት የሚያገለግለው ክሪስታል ሪፖርትስም እንዲሁ የራሱ ማስኬጃ ለ32 እና ለ64 ቢት ለየብቻ ስላለው፣ ሁሉ ነገር ሠርቶ «አትም» የሚለው ሲነካ ብቻ የሚዘጋ ፕሮግራም ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ዳታቤዝ ሰርቨርን በሚመለከት ነገሩ የበለጠ ግልጽ ነው። በፕሮግራሙ የግንኙነት ጽሑፍ ላይ የፕሮግራመሩ ላፕቶፕ ስም ተጽፎ ከቀረ፣ ፕሮግራሙ ደባርቅ ተቀምጦ ጎንደር ያለ፣ ምናልባትም ተዘግቶ በቦርሳ ውስጥ ያለ ላፕቶፕ ይፈልጋል። የሰርቨሩ ስም ከኮዱ ወጥቶ ያለ ፕሮግራመሩ እጅ ሊለወጥ በሚችል የመቼት ፋይል ላይ መቀመጥ አለበት። የኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ ፋይልን በፍላሽ ገልብጦ መውሰድም የራሱ ገደብ አለው፤ በአዲስ ዕትም የተሠራ ፋይል በቆየ ዕትም ላይ አይገጠምም፤ የቆየው ግን በአዲሱ ላይ ይገጠማል። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪው የሚሠራበትን የሰርቨር ዕትም ሲመርጥ የራሱን ላፕቶፕ ሳይሆን ፕሮግራሙ የሚሄድበትን መሥሪያ ቤት ማየት ይኖርበታል።

የፋይል መንገድና የፈቃድ ጉዳይ በአጭሩ ሊታይ ይችላል። በኮዱ ውስጥ «ዲ ድራይቭ» ወይም የፕሮግራመሩ የዊንዶውስ ስም ያለበት መንገድ ከተጻፈ፣ ዲ ድራይቭ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ፕሮግራሙ መውደቁ አይቀርም። ከዚህ የከበደው የፈቃድ ችግር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ፣ ፕሮግራም ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ መጻፍ አይፈቀድለትም። ፕሮግራመሩ በላፕቶፑ ላይ ሲሠራ ፕሮግራሙ ያለው በራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ይህን ክልከላ አያየውም። ለአንዳንድ የቆዩ የ32 ቢት ፕሮግራሞችም ዊንዶውስ በመከልከል ፈንታ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ ግልባጭ በስውር ይፈጥራል፤ የጠዋቱ ፈረቃ ያስገባው መዝገብ ለከሰዓቱ ፈረቃ የማይታየውም፣ ሰውም «ዳታው ጠፋ» የሚለው ስለዚህ ነው። የሚጻፍበት ፋይል ሁሉ ዊንዶውስ ለዚሁ በመደበው «አፕ ዳታ» ወይም «ፕሮግራም ዳታ» ፎልደር መቀመጥ ይገባዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ሦስተኛው ነጥብ በውጭ አገር በተጻፉ የምርመራ መጻሕፍት እምብዛም የማይገኘውና በዚህ አዳራሽ ያሉት ባለሙያዎች ራሳቸው ሊይዙት የሚገባው ነው፤ እርሱም የፊደልና የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሰሉ ሶፍትዌሮች የላቲን ፊደላት ኮድ ላይ የግዕዝ ቅርጽ እየሰጡ ይሠሩ ስለነበር፣ ያኔ የተሰበሰበ መረጃ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። ዩኒኮድ ይህን ቢያስተካክልም የፎንቱን ጥያቄ አልዘጋውም። ኒያላ የሚባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቶ ለዓመታት የአማርኛ ፕሮግራሞች ዋና ፎንት ሆኗል፤ በዊንዶውስ 10 ግን ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ እንዲጫን ከመደበኛዎቹ ተለየ፤ በመደበኛነት ግዕዝን የሚያሳየው ኤብሪማ የሚባለው ፎንት ሆነ። አማርኛ ቋንቋ በተጨመረበት ኮምፒዩተር ላይ ኒያላ በራሱ የሚገባ ስለሆነ፣ በአማርኛ የሚጽፈው ፕሮግራመር ላፕቶፑ ላይ ሁልጊዜ ያገኘዋል። አማርኛ ባልተጨመረበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ግን የለም። በዶት ኔት «ፎንት» በሚለው መንገድ ኒያላን የሚጠራ ፕሮግራም ሌላ ፎንት ተተክቶለት ይቀጥላል፤ «ፎንት ፋሚሊ» በሚለው መንገድ የሚጠራው ግን ስሕተት አንሥቶ ይዘጋል። በመዝገቡ ላይ ዝርዝሩን ያላነበበ ባለሙያ ፎንት ፕሮግራም ይዘጋል ብሎ ሊጠረጥር ስለማይችል፣ ይህ ዓይነቱ ብልሽት ብዙ ሰዓት ያባክናል። ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ፎንት ፈቃዱ እስከፈቀደ ድረስ ከራሱ ጋር ይዞ መሄድ፣ ካልሆነም መኖሩን አይቶ ወደ ኤብሪማ መመለስ አለበት።

ሌላም ስውር ነገር አለ። ዊንዶውስ ከዩኒኮድ በፊት ለነበሩት ለአረብኛ፣ ለግሪክና ለሌሎች ፊደላት የየራሳቸው የቆየ የኮድ ገጽ አለው፤ ለአማርኛ ግን እንዲህ ያለ ገጽ ኖሮት አያውቅም። በመሆኑም ዩኒኮድን የማያውቅ ፕሮግራም የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስም በአማርኛ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ ሲጫን፣ የራሱን ፎልደር መንገድ እንኳ ማንበብ ተስኖት ይወድቃል። ሰው በገዛ ፊደሉ ስሙን ስለጻፈ ፕሮግራም ሊከለከል አይገባም፤ ሊስተካከል የሚገባው ፕሮግራሙ ነው፤ እስኪስተካከል ድረስ ግን ስሙ በላቲን የተጻፈ ሁለተኛ ተጠቃሚ ፈጥሮ መሞከር ምክንያቱን በደቂቃዎች ውስጥ ያረጋግጣል።

ቀንን በሚመለከት ሁለት የተለያዩ ብልሽቶች አሉ። አንደኛው የመቼት ነው፤ የአሜሪካ መቼት ወርን፣ የእንግሊዝ መቼት ቀንን ያስቀድማል። በአንዱ መቼት የተጻፈ ቀን በሌላው ሲነበብ፣ ቀኑ ከ13 ጀምሮ ከሆነ 13ኛ ወር ስለሌለ ፕሮግራሙ ስሕተት አንሥቶ ይዘጋል፤ ከ1 እስከ 12 ባሉት ቀናት ግን አይዘጋም፤ ወሩንና ቀኑን አገላብጦ በጸጥታ ይመዘግባል። ስለዚህ በወሩ መጀመሪያ ተጭኖ «ደህና ነው» የተባለ ፕሮግራም በወሩ አጋማሽ መዝጋት ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት የተመዘገቡት ቀናትም መጣራት አለባቸው።

ሁለተኛው የኢትዮጵያን ቀን የፈረንጅ ቀን በሚይዝበት ሣጥን ውስጥ ማስገባት ነው። በዶት ኔት ውስጥ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚባል ክፍል አብሮ አልተሠራም፤ ስለዚህ አንዳንድ ፕሮግራሞች ጥቅምትን 2ኛ ወር፣ ሰኔን 10ኛ ወር አድርገው የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ በተራው የቀን ዓይነት ላይ ይጽፉታል። በሰኔ ወር የሚሞከር ፕሮግራም በዚህ መንገድ ያለ ችግር ይሠራል፤ ምክንያቱም 10ኛው የፈረንጅ ወር 31 ቀን ስላለው የሰኔን 30 ቀን ሁሉ ይቀበላል። ጥቅምት ሲደርስ ግን 2ኛው የፈረንጅ ወር 28 ቀን ብቻ ስላለው፣ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 29 እና 30 ቀንን መመዝገብ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል፤ 2016 ለአራት የሚካፈል በመሆኑ ደግሞ በዚያ ዓመት ጥቅምት 29 አልፎ 30 ላይ ይዘጋል። ጳጉሜን ሲመጣ 13ኛ ወር ስለሆነ አምስቱም ወይም ስድስቱም ቀን አይገባም። ተጠቃሚው ፕሮግራሙ ወደ እርሱ ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ተበላሸ ይላል፣ ፕሮግራመሩም በላፕቶፑ ላይ የሰኔውን ሙከራ ደግሞ «ይሠራል» ይላል፤ ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ጥፋቱ ግን በኮምፒዩተሩ ላይ አልነበረም።

ይህ ስሕተት ክራሽ ሲያደርግ ይሻላል፤ ክራሽ ሳያደርግ ሲቀር የከፋ ነው። የፈረንጁ 1ኛ ወር 31 ቀን ስላለው፣ ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 ያለው አንድ ቀን በእንዲህ ያለው ፕሮግራም ሁለት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። የመድኃኒት ማብቂያ፣ የክትባት ቀጠሮና የነፍሰ ጡር ክትትል በዚህ ስሌት ሲወጡ ጉዳቱ በሰው ላይ ነው። ትክክለኛው አሠራር በዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጦ፣ ለተጠቃሚው ሲታይና ከተጠቃሚው ሲገባ ብቻ ወደ ኢትዮጵያ ዘመን መለወጥ ነው። ለጃቫ ፕሮግራመሮች ጆዳ ታይም የተባለው ቤተ መጻሕፍት፣ ለሌሎች ደግሞ አይሲዩ የተባለው ዓለም አቀፍ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ይዘዋልና ስሌቱን ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም።

ከቀን ጋር አብሮ የሚነሣው የኮምፒዩተሩ ሰዓት ነው። መብራት በሚቆራረጥበትና ኮምፒዩተሩ ቆይቶ በሚከፈትበት ቦታ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ስትደክም ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙ ፈቃዱን ወይም የሰርቨሩን የደኅንነት ምስክር ወረቀት ሲፈትሽ «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይዘጋል። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ስለዚህ ከማንኛውም ረጅም ምርመራ በፊት የማያ ገጹን ታችኛ ቀኝ ጥግ አይቶ ቀኑ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ይጠቅማል።

መዝገቡ ተነቦ፣ የታወቁት ምክንያቶች ታይተው ነገሩ ካልተገለጠ፣ ፕሮሰስ ሞኒተር የሚባለው የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ይመጣል። መጫን የማያስፈልገው፣ በፍላሽ ሊያዝ የሚችል ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚመረመረው ፕሮግራም ሊከፍት የሞከረውን እያንዳንዱን ፋይልና የመቼት መዝገብ በየሰከንዱ ክፍልፋይ ያሳያል። በፕሮግራሙ ስም ብቻ እንዲያጣራ ተደርጎ ፕሮግራሙ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከመስመሮቹ መካከል «ስሙ አልተገኘም» እና «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል ትርጉም ያላቸው ውጤቶች ይፈለጋሉ። እዚህ ላይ ጀማሪውን የሚያሳስት ነገር አለ፤ ዊንዶውስ አንድን ዲኤልኤል በተለያዩ ፎልደሮች በተራ እየፈለገ ስለሚሄድ በደህናው ፕሮግራም ላይም ብዙ «አልተገኘም» ይታያል። የሚጠቅመው በሁሉም ፎልደር ተፈልጎ በየትኛውም ሳይገኝ የቀረው፣ በተለይም ፕሮግራሙ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የታየው ነው። ፕሮግራሙ በሚሠራበትና በማይሠራበት ኮምፒዩተር ላይ ሁለት መዝገብ ወስዶ ጎን ለጎን ማነጻጸር ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ማስረጃ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ይህ ሁሉ ድካም ከመጀመሪያው እንዳይመጣ የሚያደርገው ፈተና ነው። ፕሮግራም ሠሪው ፕሮግራሙን ከመስጠቱ በፊት ዊንዶውስ ብቻ በተጫነበት፣ ኦፊስም ቪዥዋል ስቱዲዮም አማርኛ ኪቦርድም በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ፣ በተራ ተጠቃሚ ስም ገብቶ፣ ኢንተርኔት አጥፍቶ ሊጭነው ይገባል። ለዚህ ሁለተኛ ላፕቶፕ መግዛት አይጠይቅም፤ ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ይፈጥራል፤ በዊንዶውስ 10 ፕሮ ከ1903 ዕትም ጀምሮም ዊንዶውስ ሳንድቦክስ የሚባል፣ በተከፈተ ቁጥር አዲስ የሆነ፣ ሲዘጋ የሚጠፋ መሞከሪያ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2019 ወዲህ ደግሞ ዶት ኔት ኮር 3.0 እና ተከታዮቹ ማስኬጃውን ከፕሮግራሙ ጋር አብረው ማሸግ ስለሚፈቅዱ፣ ፋይሉ ከመቶ ሜጋባይት ቢበልጥም የማስኬጃ እጥረት የሚባለው ምክንያት ይወገዳል። በፍላሽ ለሚጓዝ ፕሮግራም ይህ መጠን ከባድ አይደለምና በዚህ አካባቢ ለሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚመረጠው ይኸው መንገድ ነው።

ስለዚህ ለመምህራንና ለትምህርት ክፍሎች የሚቀርብ ጥያቄ አለ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት በሚፈተንበት ቀን ተማሪው በገዛ ላፕቶፑ ማሳየቱ ይቅርና፣ ክፍሉ ባዘጋጀው፣ ማንም ተማሪ ባልነካው ኮምፒዩተር ላይ ራሱ ጭኖ ያሳይ፤ የሚያስገባው የሙከራ ቀንም ጥቅምት 30 እና ጳጉሜን 5 ይሁን። ለሚመረቁትም፣ ለዳባት ጤና ጣቢያም ሆነ ለሌላ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም ስትሰጡ የሚያስፈልገውን የዊንዶውስ፣ የዶት ኔት፣ የኦፊስ ቢትና የዳታቤዝ ዕትም እንዲሁም የስሕተት መዝገቡ የሚገኝበትን ፎልደር በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፋችሁ ከፍላሹ ጋር አስረክቡ።